ሽጉጡ ተሰርቋል፣ ቁጥሩን አላውቀውም ላልከው

ሽጉጡ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ሳላውቅ ፖሊስ ጋ ብሄድ ምን ይጠቅመኛል ላልከው፣ ዛሬውኑ ሂድ። ቁጥሩን በኋላ ማስጨመር ትችላለህ፤ ሽጉጡ ነገ ወንጀል ቢሠራበት ግን ቀድመህ ማመልከትህ ነው የሚያድንህ።

ቁጥሩን እዚህ ፈልግ፦

1. የገዛህበት ሱቅ። ብዙ አገር ሻጮች የሚሸጡትን መሣሪያ ቁጥርና የገዢውን ስም የመመዝገብ ግዴታ ስላለባቸው፣ አንተ ደረሰኙን ብትጥለውም እነሱ ጋ ሊኖር ይችላል።
2. የፈቃድ ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ውል፣ አስጠግነኸው ከነበረም የጠጋኙ ደረሰኝ።
3. የመጣበት ካርቶን። ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ ተለጥፎ ይገኛል (ባዶ ካርቶን ታጠራቅማለህ ብሎ የሚስቅብህ ካለ አሁን ተራህ ነው)።

ስታገኘው ሄደህ አቤቱታህ ላይ አስጨምር፣ ሞዴሉንና ካሊበሩንም (የሚጎርሰውን ጥይት መጠን) ጭምር። አለበለዚያ ሽጉጡ ቢያዝ እንኳ ያንተ መሆኑን ማስረዳት ፈተና ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እኔ የጠመንጃዬን ቁጥር በእጄ ስገለብጥ 8ን 3 አድርጌ ጽፌው ነበር። ተሰርቆ ሲያዝ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አልገጥም አለ፣ የኔ መሆኑን እስካሳምን ወራት ፈጀብኝ። ስለዚህ ሲመለስልህ ቁጥሩን ፎቶ አንሳው። ፎቶውን ደግሞ መሣሪያው ያለበት ሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጠው፣ ሌባው ሁለቱንም ይዞልህ ይሄዳል።