ብረት ሳይቀልጥ ለምን ይጎብጣል?

ስለ ብረትና ሙቀት ከኮምቦልቻና ከደሴ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (በያጅ፣ ኮምቦልቻ)፦ ኢንጂነር፣ ለዳቦ ቤት የሠራሁት የእሳት ፍርግርግ መሃሉ ጎበጠ። አልቀለጠም፣ ጭነትም አልተጨመረበትም። ምን ነካው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብየዳህን አትጠራጠር። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። አቅሙ የሚከዳው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። ተራ ብረት ከ400 ዲግሪ ገደማ በላይ ጭነት ተሸክሞ ሲከርም ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ክሪፕ የሚባለው ይህ ነው። ማታ መብራት አጥፍተህ ፍርግርጉን እየው። ደብዘዝ ያለ ቅላት ካየህ 600 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። በዚህ ሙቀት አተሞቹ ቦታ እየለቀቁ ይዘላሉ። ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ተቆልፎ የነበረው የአተሞች ረድፍ መንሸራተት ይጀምራል። ሲቆይ ደግሞ ብረቱ በተሠራባቸው ክሪስታሎች (አተሞች በሥርዓት የተደረደሩባቸው ጥቃቅን ክፍሎች) ድንበር ላይ ትናንሽ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ ሲገናኙ ስንጥቅ ይሆናሉ።

ጥያቄ (እሱው)፦ ታዲያ ወፍራም ብረት ልጠቀም?

መልስ፦ መጀመሪያ መሃሉ ላይ እግር ጨምርለት። ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር የመጉበጥ ውጥረቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በብዙ ቅይጦች (ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በተቀላቀሉ ብረቶች) ውጥረቱ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የክሪፕ ፍጥነት 30 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። አቅም ካለ ክሮምና ኒኬል ያለው ስቴንለስ ይሻላል።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደሴ)፦ የጄት ሞተር ጋዝ፣ ብሌዶቹ (ጋዙ የሚያሽከረክራቸው ክንፎች) ከሚቀልጡበት ሙቀት በላይ ይሞቃል ይባላል። እንዴት ቻሉት?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፤ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ብሌዱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ አየር ያልፍበታል። ላዩ ሴራሚክ ተቀብቷል። ዋናው ግን ቅይጡ ነው። ኒኬል ውስጥ አሉሚኒየም ሲገባ መንሸራተቱን የሚያግዱ በጣም ጥቃቅን ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ቅንጣቶቹ እስከ 700 እና 800 ዲግሪ ድረስ ሲሞቁ ይበልጥ ይጠነክራሉ እንጂ አይለሰልሱም! ምርጦቹ ብሌዶች ደግሞ ሙሉ በሙሉ አንድ ክሪስታል ሆነው ነው የሚቀዱት። ድንበር ከሌለ ድንበር ላይ የሚፈጠር ክፍተትም የለም።

ጥያቄ (ሾፌር)፦ የረገበ ባሌስትራ በእሳት አቅልተን ብናስተካክለውስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! ባሌስትራ ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ ስለተሞቀ ነው። ቀይ እስኪሆን ስታግለው ያ ሁሉ ይጠፋል። ጭነት ይዘህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን የምትወርድ ከሆነ አዲስ ግዛ።