ከኦክ ፍሬ ቦንሳይ ይወጣል ወይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት? የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሰፈራችን ያሉት የኦክ ዛፎች ፎል (ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት) ሲገባ ፍሬያቸውን መንገዱ ላይ ያራግፉታል፣ እኔም አንድ ፌስታል ሙሉ ለቅሜ ኪችን አስቀምጫለሁ። ከፍሬ ጀምሬ ቦንሳይ (ማሰሮ ውስጥ እየተገረዘ አጭር ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) ላሳድግ አስቤ ነበር ግን ዩቲዩብ ላይ አንዱ ወዲያው ትከል ይላል ሌላው ፍሪጅ ክተት ይላል፣ የቱን ልስማ? ደሞስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ያንን ፌስታል ከኪችን አውጣው። ባቄላና ሽንብራ አድርቀን ነው የምናስቀምጠው፣ የኦክ ፍሬ ግን ደረቀ ማለት ሞተ ማለት ነው። ዛሬውኑ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምረውና አሳድረው፣ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ወይ ደርቋል ወይ ነቀዝ ገብቶበታል (ትንሽዬ ክብ ቀዳዳ ካየህ እሱ ነው) ጣለው፣ የሰመጠውን ያዝ።

ሁለቱም ዩቲዩበሮች ልክ ናቸው፣ የሚለየው የኦኩ ዓይነት ነው። የለቀምክበትን ዛፍ ቅጠል እየው፣ ዳር ዳሩ ክብ ክብ ካለ ነጭ ኦክ ነው፣ እሱ እዛው ፎል ላይ ሥር ስለሚያወጣ ሳትውል ሳታድር ትከለው። ጫፍ ጫፉ ሹል ከሆነ ደግሞ የቀይ ኦክ ወገን ነው፣ ብርድ ካላገኘ አይበቅልም፣ እርጥብ የወረቀት ፎጣ ጠቅልለህ ዚፕሎክ ውስጥ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ወር ታቆየዋለህ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም! እኔን ከጠየቅከኝ ዊሎው ኦክ ፈልግ፣ ዲሲና አካባቢው መንገድ ዳር ሞልቷል፣ ቅጠሉ ጠባብና ትንሽ ነው፣ የቀይ ኦክ ቅጠል ግን ከመዳፍ ስለሚበልጥ አጭር ዛፍ ላይ አያምርም። ዊሎውም ከቀዮቹ ወገን ስለሆነ ፍሪጅ ይግባ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሥሩ። ፍሬው በሹል ጫፉ በኩል ይሰነጠቅና ነጭ ሥር ያወጣል፣ ያ ሥር ቅጠል ሳይታይ ገና ቁልቁል ይወርዳል፣ ዝም ካልከው የማሰሮው ቂጥ ሲነካ መዞር ይጀምራል። ቦንሳይ ላይ ደግሞ የሚፈለገው ግንዱ ሥር ዙሪያውን ወደ ጎን የተዘረጋ ሥር ነው፣ ይሄ የሚስተካከለው ገና በልጅነቱ ነው፣ ኋላ ላይ ግንዱ ከወፈረ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ሥሩ የጣት ርዝመት ሲያክል ጫፉን በንጹህ መቀስ ቁረጠው፣ አትፍራ፣ ምግቡ ፍሬው ውስጥ ስላለ አይሞትም፣ ፍሬውን ብቻ እንዳትገነጥለው። ከዛ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ አፈር (ፐርላይት ወይም ፓሚስ የሚባሉት ቀላል ጠጠሮች የበዙበት) ላይ በጎኑ አስተኝተህ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር አልብሰው፣ ከላይ ወንፊት ሽቦ ድፋበት፣ አለዚያ ስኩዊረሎቹ በአንድ ጠዋት ቆፍረው ይጨርሱታል።

ሳሎን ውስጥ እንዳታሳድገው፣ ኦክ ዊንተር ላይ መተኛት አለበት፣ ቦታው በረንዳ ነው። ማሰሮ ውስጥ ያለ ሥር ግን መሬት ውስጥ እንዳለው ብርድ አይችልም፣ በጣም ሲበርድ ግድግዳ ጥግ አስጠግተህ ማሰሮውን ጠቅልለው።

ስንት ዓመት ላልከው፣ ደህና ግንድ እስኪይዝ 10 ዓመትና ከዛም በላይ። ያቺን ጠፍጣፋ የቦንሳይ ሳህን ለጊዜው እርሳት፣ ትልቅ ማሰሮ ወይም መሬት ላይ በነፃነት ሲያድግ ነው የሚወፍረው፣ ሁለተኛ ዓመቱ አካባቢ ገና ሲለመጥ ታችኛውን ግንድ በሽቦ ትንሽ አጣምመው፣ ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ ሳይገባ ፍታው። ጊዜው ከበዛብህ ዲሲ ናሽናል አርቦሬተም (የመንግሥት የዛፎች መናፈሻ) ውስጥ ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ሄደህ እይ፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ጃፓን በ1976 ከሰጠቻቸው 53 ዛፎች አንዱ ጥድ ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ የኖረ ነው፣ በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲጣል እዛው ከተማ ነበር፣ ተረፈ። እንዲህ ያለ ዛፍ ከአያት ለልጅ ለልጅ ልጅ እየተላለፈ ነው እዚህ የደረሰው፣ አንተም ለልጆችህ ብለህ ጀምረው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቨርጂኒያ ያለች እህቴ የኦክ ፍሬ በሻንጣ ላምጣልሽ ትለኛለች፣ እዚህ ይሆናል?

መልስ፦ ባታመጣው ይሻላል እህቴ። ዘር ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት አይገባም፣ ነቀዝም በሽታም ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ቢበቅል እንኳን አዲስ አበባ ኦክ የሚፈልገው ረጅም ብርድ የላትም። ለምን ወይራ አትሞክሪም? የደጋችን ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ ትንሽ፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ለቦንሳይ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል። ፍሬው ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ሥጋውን አጥበሽ ቅርፊቱን ውስጡን ሳትነኪ በቀስታ ሰንጠቅ ካላደረግሽው ለመብቀል ብዙ ወር ይፈጃል። ከጫካ ወይም ከቤተክርስቲያን ቅጥር ነቅለሽ ግን እንዳታመጪ፣ ፍሬ መጠበቅ ካልቻልሽ ችግኝ ጣቢያ ሄደሽ ታች ግንዱ ወፈር ያለውን ምረጪ፣ ከላስቲኩ ስታወጪው የተጠመጠመውን ሥር ፈተሽ አድርገሽ ቁረጪለትና ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አድርጊው።