ፓምፑን ከማስፈታትዎ በፊት አየሩን ይፈልጉ

የጠያቂው ችግር በአጭሩ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን የሚሠራ የ1999 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ፣ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል፤ ደቂቃ ሳይሞላው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። በፊልትሮው (በናፍጣ ማጣሪያው) ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግመው ሲጫኑት ይነሳና ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሆን ግን መንቀጥቀጡ አይለቀውም። አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርገው ካሳደሩት ይብስበታል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራቱም ኖዝሎች ተቀይረው ለውጥ አልመጣም። አሁን ጋራዡ «ዋናው ፓምፕ ይፈታ» ብሏቸዋል፤ ናፍጣውን ጨምቆ ወደ ኖዝሎቹ የሚልከው ማለት ነው።

አይፈታ። ቢያንስ ገና አይፈታ።

ከጻፉልኝ ሁሉ ልቤን የያዘው የዳገቱ ነገር ነው። ያረጀ ፓምፕም ሆነ የደከመ ኖዝል መኪናው ወዴት ዞሮ እንዳደረ አያውቅም። ዳገትና ቁልቁለት የሚለየው በመስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ነው። የእጅ ፓምፑ ማዳኑ ሲጨመርበት፣ ሞተርዎ አየር እየሳበ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ይህን ነገር ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚጠፋው ገንዘብ ሁሉ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በዚህ መኪና ታንክ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን ከኋላ ጎትታ የምታመጣው በዋናው ፓምፕ ሆድ ውስጥ ያለች ትንሽ መሳቢያ ናት። ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር በሙሉ ይሳባል እንጂ አይገፋም። እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ቢኖር ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መካኒኩ በጨርቅ ጠርጎ «ደረቅ ነው፣ አያፈስም» ሲልዎት እውነቱን ነው፤ ግን ደረቅ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ሌሊት ደግሞ በዚያችው ስንጥቅ አየር እየገባ ናፍጣው በክብደቱ ወደ ታንኩ ይመለሳል። አፍንጫው ወደ ላይ ሲሆን ሞተሩ ከታንኩ ይበልጥ ከፍ ስለሚል ናፍጣው ቶሎ ይሸሻል። ጠዋት ሞተሩ የሚነሳው በፓምፑ ውስጥ በቀረው ናፍጣ ነው፤ እርሱ ሲያልቅ ሌሊት የገባው አየር ተራው ይደርሳል። ኖዝል ለመከፈት ከከባቢ አየር ግፊት ከ100 እጥፍ በላይ ይፈልጋል። አየር የገባበት ፍሬን ፔዳሉ እንዴት ወደ ታች እንደሚሰምጥ ያውቃሉ፤ ፓምፑም አረፋ ሲጨምቅ ጉልበቱ አረፋውን በማሳነስ ያልቅና ኖዝሉ ወይ አይከፈትም ወይ ዘግይቶ በጥቂቱ ይረጫል። በደንብ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ነው በነጭ ጭስ የሚወጣው። የደብረ ብርሃን ብርድና ከፍታዋ ጭሱን ያባብሱታል እንጂ መነሻው አይደሉም።

አሁን ወደ ሥራው። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ላስቲክ ቱቦ ያውጡና በምትኩ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡ፤ ከማራገቢያውና ከቺንጊያው ይራቅ። በእጅ ፓምፑ ይሙሉት፣ ያስነሱት፣ ይመልከቱ። መጀመሪያ ላይ የሚያልፉ ጥቂት አረፋዎች ቱቦውን ሲቀይሩ የገቡ ናቸው፣ አያስደንግጡዎት። ሳያቋርጥ የሚፈስ አረፋ ካዩ ግን ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከዚያ ቱቦውን ከፊልትሮው በፊት ያዛውሩት። እዚያ ንጹሕ ሆኖ ከፊልትሮው በኋላ አረፋ ካለ፣ ችግሩ የፊልትሮው ራስ ነው። እኔ የምጠረጥረው እርሱን ነው፤ የእጅ ፓምፑ የውስጥ ላስቲክ ሲደርቅ አየር ያስገባል። ከታች ያለው የውሃ ጠቋሚ ኦሪንግም (የላስቲክ ቀለበቱም) እንደዚያው። ከፊልትሮው በፊትም አረፋ ካለ በሻሲው ላይ ያለውን የብረት ቱቦ በማሰሪያዎቹ ሥር ዝገት እንዳለበት ይዩ። ታንኩ ከግማሽ ሲወርድ ብቻ የሚብስበት ከሆነ ደግሞ ታንኩ ውስጥ ያለው የመሳቢያ ቱቦ ተሰንጥቆ ይሆናል።

ማረጋገጫ ከፈለጉ ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከፓምፑ ከፍ አድርገው ያስሩና መሳቢያውንም መመለሻውንም እዚያ ይክተቱ። ሞተሩ እንደ አዲስ ከተረጋጋ ፓምፑ ነጻ ነው። ፈተናው ሲያልቅ የፕላስቲክ ቱቦውን ያውጡት፤ ሙቀትና ናፍጣ ያደርቁታል።

በላኩልኝ ፎቶ ላይ አንዱ ቱቦ በሽቦ ታስሯል፣ ሌላው በሲሊኮን ተለብጧል። ሲሊኮን ናፍጣ አይችልም፤ ይለሰልሳል፣ ፍርፋሪውም ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ሚኒሞውም ከፍ ተደርጎ ተጠምዟል፤ መንቀጥቀጡን ለመሸፈን መሆኑ ነው። በደቂቃ ወደ 700 ወይም 800 ዙር ይመልሱት። ቱቦ ሲገዙ ለናፍጣ የተሠራውን ይጠይቁ፤ በየሱቁ ደጃፍ የሚንጠለጠለው ርካሽ የውሃ ቱቦ ብዙም ሳይቆይ ያብጣል። ርካሹን የፊልትሮ ራስም አይግዙ፤ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ አየር የሚስብ አይቻለሁ።

አረፋ ከሌለ ወደ ኖዝሎቹ እንመለሳለን፣ አዲስ መሆናቸው አያሳምነኝም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የአንዱን ኖዝል የቱቦ ዳዶ በ17 ቁልፍ በትንሹ ያላሉ፣ መልሰው ያጥብቁ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሲላላ ድምፁ ያልተለወጠው ሲሊንደር ሥራ አይሠራም ማለት ነው። እዚህ ላይ ይስሙኝ፦ ዳዶውን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፣ መነጽር ያድርጉ፣ እጅዎን ናፍጣው በሚወጣበት ፊት አያድርጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ውስጡ ግን ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት ያስቆርጣል። ከገባብዎት ባያምም እንኳ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ነገ አይበሉ።

የማሞቂያ ካንዴላዎቹን በመፈተሻ አምፖል ይዩ፣ የደቂቃ ሥራ ነው። ስታርቲንግ ስፕሬይ (ሞተር ለማስነሳት የሚረጨውን) ግን እንዳይነኩ። የጋለ ካንዴላ ላይ ሲደርስ ያለ ጊዜው ይፈነዳና የፒስቶን ቀለበት ይሰብራል።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ነው ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር የሚጨምቁበት ግፊት፣ የሚለካው፤ ከዚያም በኋላ ፓምፑ ወደ መፈተሻ ማሽን የሚሄደው። እስከዚያ ጋራዡ የፈታቸውን አሮጌ ኖዝሎች ያስመልሱ። ከመኪናው ጋር የመጡት የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ አካላቸው አሁን ከተገጠሙት ሊሻል ይችላል፤ በኖዝል መፈተሻ ላይ ጭጋግ ሆነው ከረጩ መልሰው ያስገጥሟቸው፣ ከሥራቸው ከሚገባው አዲስ የመዳብ ቀለበት ጋር። እነርሱንም ሲያስፈትኑ እጅዎን ከጫፋቸው ያርቁ።