አፕዴት መሀል መብራት ሲሄድ፦ ስለ ባዮስ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐይቅ እስከ ወገል ጤና ጥያቄ ለላካችሁልኝ። ደሴ ውስጥ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ እጠግናለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «አፕዴት እያደረገ መብራት ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አልነሳ አለ።» ስለዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስላችሁ። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። በዚህ ምክንያት «ቦርዱ ሞቷል» ተብሎ ለመለዋወጫ የሚሸጥ ኮምፒውተር ሳይ ያንገበግበኛል። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ቦርዱ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ እንደገና ይጻፋል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ላፕቶፔ ኤችፒ ነው። ዊንዶውስ በራሱ አፕዴት ጀመረ። ባትሪው ደካማ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ጠፋ። አሁን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አለቀለት?

አላለቀለትም ወንድሜ። ፋኑ ከዞረ ኤሌክትሪክ እየደረሰ ነው። የጎደለው ፕሮሰሰሩ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያነበው ፕሮግራም ነው፤ ባዮስ የምንለው። አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ዩኢኤፍአይ ይባላል፣ ግን ሁሉም ሰው ባዮስ ስለሚለው እኔም እንደዚያው እላለሁ። ዊንዶውስ የባዮስ አፕዴትም በራሱ ሊያመጣ ይችላል። የባዮስ አፕዴት ሲደረግ አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ይጻፋል። በመሀል መብራት ከሄደ ቺፑ ላይ የሚቀረው የተቆራረጠ ነገር ነው።

ኤችፒ ለዚህ መውጫ አዘጋጅቷል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሆነህ ከኤችፒ ድረገጽ የራስህን ሞዴል ባዮስ አውርድ። የ«ቅርብ ዘመድ» ሞዴል አይሆንም። ፋይሉን ስታስነሳው የማገገሚያ ፍላሽ ላዘጋጅልህ ወይ የሚል ምርጫ ይሰጥሃል፣ እሱን ተቀበል። ከዚያ ፍላሹንም ቻርጀሩንም ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ላፕቶፑ ጠፍቶ እያለ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ቢ» ፊደልን አንድ ላይ ተጭነህ ያዝ። እነሱን ሳትለቅ ማብሪያውን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ተጫን፣ ከዚያ ማብሪያውን ብቻ ልቀቅ። ስክሪኑ ለ40 ሰከንድ ያህል ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አትደንግጥ፣ ጣትህንም አታንሳ። በ«ቢ» እምቢ ካለ በ«ቪ» ሞክር።

አንድ ነገር ግን ቀድመህ እይ። በብዙ የቆዩ ኤችፒዎች ላይ የካፕስ ሎክ መብራት 2 ጊዜ ብልጭ እያለ ካረፈ ችግሩ ባዮስ ነው። 3 ጊዜ ከሆነ ጉዳዩ ራም ነው፣ በከንቱ አትድከም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ «ትንሿን ክብ ባትሪ አውጥተህ መልሳት፣ ይነሳል» አሉኝ። እውነት ነው?

ሲአር 2032 የምትባለው ባለ3 ቮልት ባትሪ ሰዓቱንና ሴቲንጉን ነው የምትጠብቀው። ሴቲንግ ተዘበራርቆ ከሆነ ይሠራል። የባዮሱ ፕሮግራም ራሱ ከተበላሸ ግን ባትሪዋ አታድነውም፤ ፕሮግራሙ ያለ ባትሪ በሚቀመጥበት ቺፕ ላይ ነው ያለው። ወጪ ስለሌለው አንዴ ሞክረው። እሱን ብቻ እየደጋገምክ ሳምንት አትጨርስ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ዴል ላፕቶፔ ብርቱካናማና ነጭ መብራት እያፈራረቀ ብልጭ ይላል። ምን ማለቱ ነው?

እየተናገረ ነው፣ ቁጠርለት። በብዙዎቹ አዳዲስ ዴሎች 2 ብርቱካናማ ቀጥሎ 2 ነጭ ከሆነ ባዮሱ ነው። 2 እና 3 ከሆነ ራሙን አላገኘውም። 3 እና 3 ማለት የማገገሚያ ፋይል ፈልጎ አጣ ማለት ነው። 3 እና 4 ደግሞ ፋይሉን አገኘው ግን ትክክለኛ አይደለም።

የዴል ማገገሚያ ደግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቅጂው ሃርድ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ላፕቶፑን አጥፋና ቻርጀሩን ንቀል። ኮንትሮልና ኢስኬፕን ተጭነህ እንደያዝክ ቻርጀሩን መልሰህ ሰካ። የማገገሚያው ገጽ ሲመጣ ልቀቅ። ፋይል ካላገኘ የሞዴልህን ባዮስ ከዴል አውርደህ ስሙን በላቲን ፊደል «ባዮስ_አይኤምጂ.አርሲቪ» ብለህ ቀይርና በፍላሽ ስጠው።

ጥያቄ (ከወልድያ፣ መምህር)፦ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ላብ ዴስክቶፖች የኤምኤስአይና የጊጋባይት ቦርድ ናቸው። አንዱ ባዮሱ ሲቀየር ተንጠልጥሎ ቀረ። ሌሎቹን መንካት ፈራን።

መምህር፣ ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ግን ከቦርዱ ጀርባ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አጠገብ ትንሽ በተን ካለ ደስ ይበልዎት። ኤምኤስአይ ፍላሽ ባዮስ በተን፣ ጊጋባይት ኪው ፍላሽ ፕላስ፣ አሱስ ደግሞ ባዮስ ፍላሽባክ ይሉታል። ፕሮሰሰርም ራምም ባይኖር ይሠራል፤ ፓወር ሰፕላዩ ከቦርዱ ጋር መያያዙ ይበቃዋል።

ፍላሹን ፋት 32 አድርገው ፎርማት ያድርጉ። የወረደውን ዚፕ ከፍተው የባዮሱን ፋይል ብቻ ፎልደር ውስጥ ሳይከቱ ያስቀምጡ። ሰው የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው። ለኤምኤስአይ «ኤምኤስአይ.ሮም»፣ ለጊጋባይት «ጊጋባይት.ቢን» ይሁን፣ ሁለቱም በላቲን ፊደል። ኮምፒውተሩ የፋይሉን ቅጥያ የሚደብቅ ከሆነ ሳያውቁት ሁለት ቅጥያ ያለው ፋይል ይፈጠራልና ቅጥያ እንዲያሳይ አስቀድመው ያስተካክሉት። ፍላሹን ምልክት ባለበት ቀዳዳ ይሰኩ፣ በተኑን ይጫኑ፣ መብራቱ ብልጭ ማለቱን እስኪያቆም ለደቂቃዎች አይንኩት። መብራቱ ብልጭ ማለት ሳይጀምር ከቀረ ፍላሹን ይቀይሩ። ትንሽዬ የድሮ ዩኤስቢ 2 ፍላሽ ከአዲሶቹ ትላልቆች ይልቅ ይሳካላታል።

በተን የሌለው የቆየ ጊጋባይት ከሆነ ቦርዱ ላይ «ዱዋል ባዮስ» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። መጠባበቂያ ሁለተኛ ቺፕ አለው ማለት ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ጥገና እየተማርኩ ነው። ሲኤች 341 ኤ የምትባለዋን ፕሮግራመር (ቺፕን በቀጥታ የምታነብና የምትጽፍ መሣሪያ) ከነክሊፗ ገዛሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ጎሽ! ይህን ሥራ የሚችል ሰው በየከተማው ቢኖር ብዙ ቦርድ ይተርፋል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ቺፗ 8 እግር አላት፣ ስሟ ላይ ብዙ ጊዜ 25 የሚል ቁጥር አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር መጠኗ ነው፣ ግን በሜጋቢት ስለሆነ ለ8 አካፍለው። 64 ማለት 8 ሜጋባይት፣ 128 ማለት 16 ሜጋባይት ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ሁለት ቺፕ አለው። ወይ ባዮሱ ለሁለት ተከፍሏል፣ ወይ አንዷ ኪቦርድና ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም የያዘች ናት። ሳትለይ አትጻፍ።

አሁን ዋናው፣ ቮልቴጅ። ብዙዎቹ ቺፖች 3.3 ቮልት ናቸው፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን 1.8 ቮልት የሆኑ አሉ። የቺፗን ሙሉ ስም ፈልገህ ዳታሺቷን አንብብ። ዊንቦንድ የተባለው ኩባንያ የሠራት ከሆነች በስሟ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ኤፍደብሊው ወይም ጄደብሊው ካለ 1.8 ናት። የ1.8 አዳፕተር ሳታስገባ ብታገናኛት ልታቃጥላት ትችላለህ። ሌላም አለ። በብዛት የምትሸጠዋ ጥቁሯ ፕሮግራመር ቺፗን በ3.3 እየመገበች ዳታ መስመሮቿ ላይ ግን 5 ቮልት የምታወጣ አለች። ከመጠቀምህ በፊት በመልቲሜትር ለካት።

ከዚያ ቻርጀሩን፣ ዋናውን ባትሪና ክቧን ባትሪ ሁሉ አውጣ። ቺፗ ጥግ ላይ ያለችው ነጥብ 1ኛውን እግር ታሳያለች፤ የክሊፑ ቀይ ሽቦ በዚያ በኩል ይሁን። 2 ጊዜ አንብብና ሁለቱን ፋይል አወዳድር። ከተለያዩ ወይም ሙሉው ኤፍኤፍ (ባዶ ማለት ነው) ብቻ ከሆነ ክሊፑ በደንብ አልነከሰም። አስተካክለው። ቦርዱ ኤሌክትሪኩን እየተሻማ አላስነብብ ካለ ቺፗን በሆት ኤር አንስተህ ለብቻዋ አንብባት።

ያነበብከውን ፋይል፣ የተበላሸ ቢሆንም እንኳ፣ በሞዴሉ ስም አስቀምጥ። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንህ። የማሽኑ ሲሪያል ቁጥር፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው የዊንዶውስ ቁልፍ፣ በብዙ ማሽኖች የኔትወርክ አድራሻውም እዚያ ውስጥ ነው። ከሰረዝከው ሁሉንም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ከድረገጽ የሚወርደው ፋይል ከቺፗ መጠን ጋር እኩል ካልሆነ ዝም ብለህ አትጻፈው። ኢንቴል ማሽን ላይ ቺፗ ውስጥ ከባዮሱ ሌላ የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባል ክፍልና የክፍፍሉ ካርታ አለ። የሚወርደው ብዙ ጊዜ የባዮሱ ክፍል ብቻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ያን ክፍል ወስዶ አንተ ባነበብከው ፋይል ውስጥ በቦታው መተካት ነው። ከዚያ ቺፗ ላይ ያለውን ሰርዝ፣ ባዶነቷን አረጋግጥ፣ ጻፍ፣ መልሰህ አመሳክር። የባዮሱን ኮድ ራሱን አትነካካ፤ ቡት ጋርድ ያለው ማሽን የአምራቹ ፊርማ የተበላሸበትን አያስነሳም።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ላፕቶፔን አንድ ጥገና ቤት ባዮስ ጻፉልኝ። ይነሳል፣ ግን በየ30 ደቂቃው ይጠፋል። ሲሪያሉም የሌላ ሰው ነው።

ከሌላ ማሽን የተገለበጠ ፋይል ነው የተጻፈልህ። 30 ደቂቃ ላይ መጥፋቱ አሁን የነገርኳችሁ የማኔጅመንት ኢንጂን ክፍል የታወቀ ምልክት ነው፤ ያ ክፍል ጤነኛ ካልሆነ ብዙ የኢንቴል ማሽኖች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሙቀት ነው ብለው ፋን እንዳያስቀይሩህ። ተመልሰህ «የመጀመሪያውን ፋይል አስቀምጣችኋል?» ብለህ በትህትና ጠይቅ። ካለ ሲሪያልህም ቁልፍህም ይመለሳል። ከሌለ ያ ክፍል በንጹሕ ቅጂ ተተክቶ ሲሪያሉ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ካለው ወረቀት ተነብቦ ይጻፋል።

ለወልድያው መምህርም ይህ ይጠቅማል። የአንዱን ቺፕ ለላቡ ሁሉ ከገለበጡ ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት የኔትወርክ አድራሻ ሊይዙ ይችላሉ። ያኔ አንዱ ሲገባ ሌላው ከኔትወርክ ይወጣል፣ መንስኤውን ማግኘትም ያለፋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ)፦ የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ጠፋ ማለት ነው?

አልጠፋም እህቴ፣ እፎይ በይ። ባዮሱና ሃርድ ዲስኩ የተለያዩ ናቸው። ዲስኩ ወጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ግን ባለ48 አኃዝ የማገገሚያ ቁልፍ ይጠይቅሻል፤ በማይክሮሶፍት አካውንትሽ ገብተሽ ፈልጊው። ላፕቶፑ ከተጠገነ በኋላም ሊጠይቅሽ ስለሚችል ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

ጥያቄ (ከወገል ጤና)፦ ልጄ፣ እኔ ሱቄን የምቆጣጠርበት አንድ ኮምፒውተር ነው ያለኝ። ይህን አፕዴት የግድ ማድረግ አለብኝ?

አባባ፣ በደህና እየሠራልዎት ከሆነ በክረምት አይቸኩሉ። አዲስ ባዮስ የሚያስፈልገው የደኅንነት ቀዳዳ ሲደፈን፣ አዲስ ፕሮሰሰር ሲገባ ወይም የሚያስቸግር ነገር ሲኖር ነው። የደኅንነቱ ጉዳይ እውነተኛ ስለሆነ ለዘለዓለም ይቅር አልልም። ቀን ይምረጡለት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይዋሱም ቢሆን ያግኙ፤ ስታቢላይዘር ብቻውን መብራት ሲሄድ አያቆየውም። ዩፒኤሱንም ቀድመው ሶኬቱን ነቅለው ይፈትኑት፣ ባትሪው የደከመ ብዙ አለ። ሰማዩ እያጉረመረመ ከሆነ ለሌላ ቀን ይተዉት። አፕዴቱ ዊንዶውስ በራሱ የሚያመጣው ሊሆን ስለሚችል ድንገት ሲጠፋና ሲነሳ የአምራቹን ምልክትና የሚሞላ መስመር ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ቫይረስ ባዮስን ሊያጠፋ ይችላል?

ይችላል። ሲአይኤች ወይም ቼርኖቤል የተባለው ቫይረስ ሚያዝያ 1999 በአውሮፓ አቆጣጠር የብዙ ኮምፒውተሮችን ባዮስ አበላሽቷል። የዛሬዎቹ ባዮሶች ፊርማ ስለሚጠይቁ ከባድ ሆኗል እንጂ የማይቻል አይደለም። እዚህ እኛ ጋ ግን ቀዳሚው ጠላት የመብራት መቆራረጥ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አሁን እየጠየቅኩህ ባለሁበት ሰዓት አፕዴቱ 37 በመቶ ላይ ቆሟል። ላጥፋው?

አታጥፋ! መስመሩ ቆመ ማለት ሥራው ቆመ ማለት አይደለም። አንዱን ክፍል ጽፎ እስኪያመሳክር ቁጥሩ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ስክሪኑ ቢጠፋ፣ ፋኑ በኃይል ቢዞር፣ ራሱ ጠፍቶ ቢነሳም የተለመደ ነው። ቻርጀሩን አጥብቀህ አንድ ሰዓት፣ ከቻልክ ሁለት ሰዓት ተወው። ያኔም ካልተንቀሳቀሰ አጥፋና ከላይ ወዳለው ማገገሚያ ሂድ።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ በፍላሽም በፕሮግራመርም ተሞከረ፣ ጽሑፉም ተመሳከረ፣ አሁንም ጥቁር ነው። ቦርዱን ልግዛ?

ገና ነው። ቺፗ ራሷ አልቃ ሊሆን ስለሚችል ተመሳሳይ መጠንና ቮልቴጅ ያላት አዲስ ቺፕ ይሞከር። ሁለተኛ ቺፕ ካለም እሷ ትፈተሽ። አንድ ራም ብቻ አስገብቶ ቦታውን እያቀያየሩ ማየት፣ የውጭ ስክሪን መሰካትም አይረሳ። ይህ ሁሉ አልፎ ካልተነሳ መብራቱ ሲመለስ የገባው ኃይል ሌላ ነገር መትቶ ይሆናል፣ የቦርዱ መስመሮች አንድ በአንድ ይለካሉ። ቦርድ መግዛት ከዚያ በኋላ ነው። ከገዛህም አሮጌውን ቦርድ አትጣል፣ ቺፗ ላይ ያለው ፋይል ለሌላ ሰው ጥገና ያስፈልጋል፤ ለጠጋኝህ ስጠው።