መልስ፦ ጥንብ አንሳዎቹ የት ገቡ?

ሰላም እህቴ። «ድሮ ቄራው አጠገብ የሚርመሰመሱት ጥንብ አንሳዎች ለምን አነሱ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጥሩ አስተውለሻል። ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ሰው ለጅብ ወይም ለባለቤት አልባ ውሻ ብሎ መርዝ ያስቀምጣል። ውሻው ይሞታል፤ በድኑ ሜዳ ላይ ይቀራል። አንድ በድን ላይ ብዙ ወፍ ነው የሚሰፍረው፤ ሁሉም አብረው ያልቃሉ። የኤሌክትሪክ ምሰሶም ይገድላቸዋል።

መተካታቸው ደግሞ ከባድ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በአንዴ አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጥሉት። ከተማ ውስጥ የምናያት ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች። ቀረብ ብለሽ አይተሻት ታውቂያለሽ? ስሜቷ ሲነሳ ፈዛዛው ፊቷ ደም ይመስላል። በቀጭን መንቁሯ አጥንት ላይ የቀረችውን ቅንጥብጣቢ ሥጋ ትለቅማለች። እኔ በጣም ነው የምወዳት።

ህንድ ውስጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የከብት የሕመም ማስታገሻ ነው፣ የታከመውን ከብት በድን ሲበሉ የፈጃቸው፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። መድኃኒቱ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለከብት እንዳይሰጥ ታገደ። ስለዚህ ከብት ካለሽ የእንስሳት ሐኪሙን በእሱ ፈንታ ጥንብ አንሳዎቹን የማይጎዳውን ማስታገሻ፣ ሜሎክሲካምን፣ እንዲያዝልሽ ጠይቂው። በመርዝ የሞተ ውሻ ካየሽም ቶሎ እንዲቀበር አድርጊ፤ በባዶ እጅሽ ግን እንዳትነኪው።