ልጄ የተመደበው ከዋናው ግቢ ውጭ ነው
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ጨርሶ ቴክስታይል ምህንድስና ደርሶታል። እኛ ደሴ ይማራል ብለን ስንጠብቅ፣ ትምህርት ክፍሉ የሚገኘው ኮምቦልቻ ባለው ግቢ መሆኑን ነገረን። ዘመዶቻችን «ቅርንጫፍ ነው፤ ዲግሪውም እንደ ዋናው አይቆጠርም፤ ሌላ ትምህርት ክፍል ይቀይር» እያሉ አስጨንቀውናል። ልጁ ግን ትምህርቱን ወዶታል። ምን ብለን እንምከረው?
የተማሪ አባት፣ ከደብረ ታቦር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የወደደውን ትምህርት በግቢው ምክንያት እንዲተው አይምከሩት። በቅድሚያ የዲግሪውን ጉዳይ እንመልከት። ዲግሪ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው እንጂ ግቢው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 መሠረት የአንድ ዩኒቨርሲቲ አካዳሚያዊ ጉዳይ የሚወሰነው በሴኔቱ (በዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የአካዳሚክ ጉባኤ) ስለሆነ፣ ደሴ የተማረውም ኮምቦልቻ የተማረውም የሚመረቁት በአንድ ሴኔት ውሳኔ ነው። ከትምህርቱ ወጪ የድርሻውን በኋላ ለመክፈል የሚገባበትን የወጪ መጋራት ውልም ልጅዎ የሚፈርመው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይኖርበታል። ፈተናው ለአንድ የትምህርት መስክ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ተፈታኙ ከየትኛው ግቢ እንደመጣ አይለይም።

«ቅርንጫፍ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ብዙዎቻችን ቃሉን የምናውቀው ከባንክ ስለሆነ፣ ዋናው ቢሮ ያለው ሁሉ በቅርንጫፉ አነስ ብሎ የሚገኝ ይመስለናል። በዩኒቨርሲቲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ አንድ የትምህርት ዘርፍ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ግቢ ይሄድና በዋናው ግቢ አቻ አይኖረውም። የኮምቦልቻው ግቢ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ የምህንድስና ትምህርቱ ቤት እዚያ ነው። ልጅዎ እዚያው ደሴ ይማር ቢባል እንኳ የሚማረው ቴክስታይል ምህንድስና ሊሆን አይችልም።

ቦታው ለትምህርቱ ምን ያህል እንደሚስማማ ደግሞ ከተማውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካ የሚገኙባት ከተማ ናት። የምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሴሚስተር በኢንዱስትሪ ውስጥ የተግባር ልምምድ ማድረግ ስለሚጠበቅበት፣ ለቴክስታይል ተማሪ ፈትልና ሽመና የሚካሄድበት ፋብሪካ በታክሲ የሚደረስበት መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ስለ ርቀቱም አይስጉ፤ ከደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ቁልቁለቱን የወረደ ተማሪ የደሴን ብርድ ጥሎት ይሄዳል።

ለዘመዶችዎም አንድ ታሪክ ቢያስታውሷቸው መልካም ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ሐረርጌ ያለው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅና በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የዚያ ዩኒቨርሲቲ አካላት ሆኑ። በዛሬው አነጋገር «ቅርንጫፍ» ነበሩ ማለት ነው። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት በአገሪቱ የእርሻ ምርምርና የገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ባለሙያዎች ያፈሩት እነርሱ እንጂ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አልነበሩም። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም.፣ ጎንደር በ1996 ዓ.ም. ራሳቸውን የቻሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆነዋል። ከዚያ በፊት የተመረቁትን ሐኪሞችና የግብርና ባለሙያዎች «የቅርንጫፍ ምሩቃን» ብሎ ያሳነሰ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ስል ግን ሁሉም ግቢ እኩል ተሟልቷል ማለቴ አይደለም። የእርስዎ ስጋት ያለ ቦታው ስለዋለ ነው እንጂ፣ መጠየቅዎስ ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል፤ የላቦራቶሪ ዕቃ ደግሞ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ በቶሎ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ልጅዎ የግቢውን ነባር ተማሪዎች ያነጋግር። የትኛው ወርክሾፕ ክፍት ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ማሽን ላይ ይሠራሉ? የትምህርት ክፍሉ መምህራን እዚያው ከተማ የሚኖሩ ናቸው ወይስ ከሌላ ቦታ እየተመላለሱ የሚያስተምሩ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ካለው ደብዳቤ ይታያል።

ጥያቄ፦ የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዩኒቨርሲቲውን ስም እንዳትጠቅሱብኝ። በዚህ ሴሚስተር ሁለት ኮርሶች የሚሰጡን መምህር ከዋናው ግቢ የሚመጡ ሲሆን፣ እስካሁን በሦስት ቅዳሜና እሑድ ብቻ መጥተው አንዱን ኮርስ «ጨርሰናል» ብለውናል። የላብ ቴክኒሺያኗ ወደ ዋናው ግቢ ስለተዛወረች ላቦራቶሪው ከተቆለፈ ቆይቷል። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብንነግራቸው «በጀት የለም» አሉን። ክስ ብናቀርብ ግሬዳችን ይበላሻል ብለን ፈራን። በሚቀጥለው ዓመት የመውጫ ፈተና አለብን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ተቆጥቻለሁ። የአንቺ ግቢ ችግር የርቀት አይደለም፤ ዋናው ግቢ ሰውን ወደ ራሱ እየሳበ እናንተን በትርፍ ጊዜው ማስተማሩ ነው። ይህ እንዲስተካከል መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ አቀራረቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መነሻችሁ ሰዓት ይሁን። የሦስት ክሬዲት ሰዓት (በሳምንት ሦስት የክፍል ሰዓት ማለት ነው) የንድፈ ሐሳብ ኮርስ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 48 የክፍል ሰዓት ይኖረዋል። በሴሚስተሩ መጀመሪያ የተሰጣችሁን ኮርስ አውትላይን (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) አውጡና መምህሩ የመጡበትን ቀን፣ ያስተማሩበትን ሰዓትና የተሸፈነውን ምዕራፍ ከጎኑ ጻፉ። በሦስት ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ፣ ስምንት ስምንት ሰዓት ቢያስተምሩ እንኳ 48 የሚሞላው ያለ አንዲት ደቂቃ ብክነት ነው፤ እንዲያ ያዳመጠ ተማሪ ደግሞ ከሰኞ በኋላ ምን እንደሚቀረው ታውቂዋለሽ። ለላቦራቶሪውም እንዲሁ በአውትላይኑ የተዘረዘሩትን ሙከራዎችና ከእነርሱ የተሠሩትን ለዩ።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይጻፍ፤ በቃል የተነገረ ነገር መልስ የሚሰጠው ሰው በተቀየረ ቁጥር ይረሳል። ደብዳቤው በክፍሉ ተወካይ በኩል ተዘጋጅቶ አብዛኛው ተማሪ ይፈርምበት፤ አንቺ ብቻሽን እንዳትታዪም ይረዳል። ስለ መምህሩ ጠባይ አንዳች አይነሣ፤ ስለጎደለው ሰዓትና ስላልተሠራው ሙከራ ብቻ ይናገር። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይጻፍና ግልባጩ ለግቢው የአካዳሚክ ኃላፊ፣ ለዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጥራት ክፍልና ለተማሪዎች ኅብረት ይድረስ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥርና ቀን የሰፈረበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። በቂ ጊዜ ጠብቃችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ያንኑ ቅጂ አያይዛችሁ ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጻፉ። ክፍል ማቆም ግን አይጠቅማችሁም፤ የእነርሱ ጥፋት የእናንተ የመቅረት መዝገብ ይሆናል።

«በጀት የለም» ለሚለው መልስ እኔ እምነት የለኝም። መምህር በየጊዜው ከሌላ ከተማ ሲመላለስ መጓጓዣና የውሎ አበል ይከፈላል፤ ያ ገንዘብ አለ ማለት ነው። ስለዚህ በደብዳቤያችሁ የሚቻል ነገር ጠይቁ፦ ቴክኒሺያኗ በሳምንት ሁለት ቀን ትመለስ፣ ያ ካልሆነም ተማሪው በዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ለአንድ ሳምንት ወደ ዋናው ግቢ ተወስዶ ሙከራዎቹን በተከታታይ ይሥራ፣ ያልተሸፈኑት ምዕራፎች ደግሞ በማካካሻ ክፍለ ጊዜ ይሰጡ። ጥያቄው እንዲህ ተዘርዝሮ ሲቀርብ በአንድ ቃል መመለስ ይከብዳል።

የመውጫ ፈተናውን በተመለከተ የትምህርት መስካችሁን ብሉፕሪንት (ፈተናው የሚሸፍናቸውን ኮርሶች የሚዘረዝረውን ሰነድ) ከትምህርት ክፍሉ ተቀብላችሁ፣ እነዚህ ሁለት ኮርሶች በፈተናው ይካተቱ እንደሆነ ተመልከቱ። ከተካተቱ በደብዳቤው ላይ ጥቀሱት፤ የምሩቃን ውጤት የዩኒቨርሲቲውም ጉዳይ ነውና ትኩረት ያገኛል። ደብዳቤውን ግን ከማጠቃለያ ፈተና በፊት አስገቡት፤ ግሬድ ከገባ በኋላ ኮርሱ በመዝገብ ላይ እንደተሰጠ ስለሚቆጠር፣ የጎደለውን ሰዓት የሚያካክስላችሁ ሰው ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።