ስለ ኢንሱሊን ዋጋና ስለ ስቴት ሕጎች ጠይቁኝ

አሜሪካ ውስጥ በፋርማሲስትነት እሠራለሁ። ብዙ አበሻ ኢንሱሊን ሊወስድ ይመጣና ዋጋውን ሲሰማ «እሺ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ኢንሱሊን ለሌላ ቀን የሚባል መድኃኒት አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹን በሚኖሩበት ስቴት የሚረዳ ሕግ አለ፤ የነገራቸው ሰው ግን የለም። ስለዚህ ስለ ዋጋው፣ ስለ ኢንሹራንሱና ስለ ሕጉ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ስንት ዩኒት ልውሰድ የሚለውን ለሐኪማችሁ ተዉት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን 35 ዶላር ሆነ ሲባል በዜና ሰምቼ ነበር። እኔ ግን ዛሬም ከ100 በላይ እከፍላለሁ። ዕድሜዬ 58 ነው፣ የሥራ ኢንሹራንስ አለኝ። ዜናው ውሸት ነው?

መልስ፦ ዜናው እውነት ነው፤ እርስዎን ግን አይመለከትም። ፕሬዚዳንት ባይደን ኦገስት 2022 የፈረሙት ሕግ በወር የ35 ዶላር ጣሪያ (ታካሚው ከዚያ በላይ እንዳይከፍል) ያወጣው ለሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ለሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ተጠቃሚዎች ነው። የሥራ ኢንሹራንስ ያላቸውን ይጨምር የነበረው አንቀጽ ሴኔት ውስጥ 60 ድምፅ ያስፈልገው ነበር። 57 አገኘና ወደቀ።

ለእርስዎ የቀረው የስቴት ሕግ ነው። መንገዱን የከፈተችው ኮሎራዶ ናት። ሜይ 2019 ገዥው ጃሬድ ፖሊስ በወር የ100 ዶላር ጣሪያ ፈረሙ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። እኛ በብዛት ካለንባቸው ቦታዎች ሜሪላንድና ዲሲ 30 ዶላር፣ ቴክሳስ 25፣ ዋሽንግተን ስቴት 35 አድርገዋል። ቨርጂኒያ በ50 ጀመረች። ኒውዮርክ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ጭራሽ ዜሮ አድርጋዋለች። ካሊፎርኒያ ዘግይታ ኦክቶበር 2025 ላይ 35 ዶላሩን አጸደቀች።

ጥያቄ፦ ያለሁት ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ካርዴ ላይ የታወቀ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም አለ። ሕጉን ጠቅሼ ስደውል «አንተን አይመለከትህም» አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ያሉህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ትልልቅ ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ አይገዙም። የሠራተኛውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና ይከፍላሉ። ካርድህ ላይ ስሙ የተጻፈው ኩባንያ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚሠራላቸው። እንዲህ ያለው ፕላን «ሰልፍ ፈንድድ» ይባላል። ኤሪሳ የሚባል የ1974 የፌዴራል ሕግ ደግሞ ስቴቶች እንዲህ ባለ ፕላን ላይ እንዳያዙ ይከለክላል። በሥራ በኩል ኢንሹራንስ ካላቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ውስጥ ናቸው። ገዥዎች በካሜራ ፊት ሲፈርሙ ይህ ጉዳይ ብዙም አይነሣም። ቢነገር ኖሮ ስንት ሰው ከመጉላላት ይድን ነበር!

ስለዚህ ስለ ጣሪያው ከመከራከርህ በፊት ፕላንህ በማን ሥር እንደሆነ እወቅ። ካርድህን አውጣና እይ። ኮሎራዶ ውስጥ ስቴቱ በሚቆጣጠረው ፕላን ካርድ ላይ «ሲኦ-ዲኦአይ» (CO-DOI) የሚሉ ፊደላት አሉ። ቴክሳስ ውስጥ «ቲዲአይ» (TDI) ወይም «ዲኦአይ» (DOI) ይላል። ካጣኸው ኤችአር (የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) ሄደህ «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ (ከኢንሹራንስ ኩባንያ የተገዛ)?» በል። ሰልፍ ፈንድድ ከሆነም ቀጣሪው ከፈለገ በራሱ ጣሪያ ማውጣት ይችላል፤ የሚከለክለው ሕግ የለም። ብቻህን አትጠይቅ፣ ከባልደረቦችህ ጋር ሆነህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነኝ። ኡበር እሠራለሁ፣ ኢንሹራንስ የለኝም። ጣሪያ ጣሪያ የምትሉት ለእኔ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ያንተን ስቴት ሕግ ነው። የሌሎቹ ጣሪያ በአብዛኛው ኢንሹራንስ ላለው ሰው ነው። የሚኒሶታው ግን የሌለውንም አስቦ የተጻፈ ነው።

አሌክ ስሚዝ የሚባል ወጣት ነበር፤ ዓይነት 1 ስኳር ነበረበት። 26 ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ኢንሹራንስ ወጣ። መድኃኒቱና ዕቃው በወር 1,300 ዶላር ገደማ ነው ተባለ። ያለችውን ኢንሱሊን እያብቃቃ ሲወስድ ወር ሳይሞላው፣ ጁን 2017 ላይ ሞተ። እናቱ ኒኮል ስሚዝ-ሆልት ዝም አላሉም። በስቴቱ ምክር ቤት ተመላልሰው መሰከሩ። በልጃቸው ስም የተጠራው ሕግ ኤፕሪል 2020 በገዥው ቲም ዋልዝ ተፈረመ፤ ጁላይ 1 ሥራ ጀመረ።

ሕጉ ሁለት በር አለው። አንዱ ለአስቸኳይ ነው። በእጅህ ያለው ኢንሱሊን ለ7 ቀን የማይበቃ ከሆነ ማዘዣህንና የሚኒሶታ መታወቂያህን ወይም መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ፋርማሲ ሂድ። ቅጽ ትሞላለህ። የ30 ቀን ኢንሱሊን ቢበዛ በ35 ዶላር ይሰጥሃል፣ በ12 ወር አንዴ። ሌላው ለረዥም ጊዜ ነው። ገቢህ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 4 እጥፍ ካልበለጠ፣ የ3 ወሩን ቢበዛ በ50 ዶላር እየወሰድክ ዓመት ትቆያለህ። ሜዲካል አሲስታንስ ወይም ሚኒሶታኬር የሚባሉት፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጡት የስቴቱ ኢንሹራንሶች ያሉት ሰው በዚህ አይገባም፤ አንተም መጀመሪያ ለእነሱ ትበቃ እንደሆነ ኤምኤንሹር (MNsure) በሚባለው የስቴቱ የኢንሹራንስ ድረ ገጽ ላይ አጣራ።

ወጪውን የሚሸከመው አምራቹ ነው። እምቢ ካለ በወር 200,000 ዶላር ይቀጣል፤ እምቢታው ለወራት ከቀጠለ ደግሞ ይጨምርበታል። የአምራቾቹ ማኅበር ሕጉ ሥራ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ከሰሰ። ክሱ ዓመታት ፈጀ፣ ሕጉ ግን በዚህ ሁሉ መሀል ሥራውን አላቆመም።

ሌላ ስቴት ያላችሁና ኢንሹራንስ የሌላችሁ፣ ኢንሱሊን አምራቾቹ ሊሊ፣ ኖቮ ኖርዲስክና ሳኖፊ የየራሳቸው የ35 ዶላር ፕሮግራም አላቸው። ፋርማሲስቱን ስለ ፕሮግራሙ ጠይቁት። ካልጠየቃችሁ ሙሉ ዋጋውን ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ይሄ መድኃኒት ከተገኘ መቶ ዓመት አልፎት የለም? ለምን ተወደደ?

መልስ፦ አልፎታል። በ1921 ቶሮንቶ ነው የተገኘው። ተመራማሪዎቹ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በ1 በ1 ዶላር ነው የሰጡት፤ ማንም እንዳይነግድበት ብለው። ሁማሎግ የሚባለው ዘመናዊ ዓይነት በ1996 ሲወጣ አንዱ ብልቃጥ 21 ዶላር ነበር። በ2017 ወደ 275 ደርሶ ነበር። ገበያው በአብዛኛው በ3 ኩባንያዎች እጅ ነው፤ መሀል ላይ ደግሞ ቅናሽ የሚደራደሩ ደላሎች አሉ። ዋጋው በተሰቀለ ቁጥር የእነሱም ድርሻ ይወፍራል። በ2023 ኩባንያዎቹ የብዙ ዓይነቶችን ዋጋ 70 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። የሕዝቡ ግፊት ሠርቷል። ከ2024 ጀምሮ ዋጋ የሰቀለ ኩባንያ ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ለሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚመልሰው ገንዘብ እንዲበዛ የተለወጠው ደንብም አስገድዷቸዋል።

ጥያቄ፦ እውነቱን ልናገር፣ ወሩ እስኪያልቅ ብዬ ግማሽ ግማሽ እየወሰድኩ ነው። ለማንም አልነገርኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። እባክሽ ዛሬውኑ ወደ ሐኪምሽ ደውይ። ብቻሽን አይደለሽም፤ የል ዩኒቨርሲቲ አንድ የስኳር ክሊኒክ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከ4 ታካሚ 1 በዋጋው ምክንያት መጠኑን እንደቀነሰ ተናግሯል። ማስታወክ፣ የማይቆም ጥማት፣ ከባድ ትንፋሽ ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ 911 ደውይ። ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች በ1986ቱ ፌዴራል ሕግ መሠረት ኢንሹራንስ የለሽም ብለው ሳያዩሽ ሊመልሱሽ አይችሉም። ሂሳቡ በኋላ ይታያል፤ ሆስፒታሎች የእርዳታ ማመልከቻ አላቸው።

ጥያቄ፦ እማዬ ለጉብኝት ከአዲስ አበባ መጥታ ኢንሱሊኗ ሊያልቅ ነው። የስቴቱ ሕግ ይረዳታል?

መልስ፦ አይረዳትም፤ ሕጎቹ ለነዋሪና ለኢንሹራንስ ባለቤት ናቸው። ግን አገር ቤት የምትወስደው ኤንፒኤች፣ ሬጉላር ወይም 70/30 ከሆነ፣ ተመሳሳዩን ዎልማርት ሪሊኦን በሚል ስም ብልቃጡን በ25 ዶላር ገደማ ይሸጣል። በአብዛኞቹ ስቴቶች ያለማዘዣ ነው። የእማማን ባዶ ብልቃጥ ይዘህ ሂድና ለፋርማሲስቱ አሳየው። ሲሪንጁም «ዩ-100» (U-100) ለሚባለው፣ በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ላለው ኢንሱሊን የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ። ሌላ ዓይነት የምትወስድ ከሆነ ግን በራሳችሁ እንዳትቀይሩ፤ ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ ፕላኔ በስቴቱ ሥር ነው፣ ሜሪላንድ ነኝ፣ ግን 30 ዶላሩን አላከበሩልኝም። ለማን ልክሰስ?

መልስ፦ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር አቤት በል። በነፃ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም። ደረሰኙን፣ የካርድህን ሁለት ገጽ ኮፒና የደወልክበትን ቀን አያይዝ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግር ከሆነ ስትደውል «አምሃሪክ» በልና አስተርጓሚ ጠይቅ። የከፈልከው ትርፍ እንዲመለስልህም በጽሑፍ ጠይቅ።